የአንድን የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ የኅትመት መዝገብና ተጠቃሽነት እንዴት እንመዝን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በቅጥርና በዕድገት ኮሚቴ ከሚቀመጡ ምሁራን፣ አማካሪ ከሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ስለ አንድ የአንጎል ተመራማሪ ለመጻፍ ከሚዘጋጁ ጋዜጠኞች ዘወትር የሚነሡ ናቸው። የመልሶቹ አቋም አንድ ነው፦ የተጠቃሽነት ቁጥር አንድ ሥራ ምን ያህል እንደታየና እንደተጠቀሙበት ይጠቁማል፤ ትክክል መሆኑንና ጥልቀቱን ግን ሥራውን ካነበበ ሰው በቀር ማንም ሊናገር አይችልም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኅትመት መዝገብ ሲባል ምን ምን ይጠቃለላል?

ዋናዎቹ በአቻ ገምጋሚዎች ታይተው በጆርናል የወጡ ኦሪጅናል የምርምር ጽሑፎች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው የሚተነትኑ የቅኝት ጽሑፎች፣ የመጽሐፍ ምዕራፎች፣ የጉባኤ አጫጭር መግለጫዎች፣ ገና ያልተገመገሙ ቅድመ ኅትመቶች፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች በነጻ የተለቀቁ የመረጃ ስብስቦችና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ተደባልቀው ሲቀርቡ ጠቅላላ ድምሩ ብዙም ትርጉም አይኖረውም፤ ዓመታት የፈጀ የእንስሳት ሙከራ የተደከመበት ጽሑፍና ለጉባኤ የተላከ የአንድ ገጽ መግለጫ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉና። ስለዚህ መዝገቡን የሚመረምር ሰው የመጀመሪያ ሥራው ኦሪጅናል የምርምር ጽሑፎቹን ለይቶ ማውጣት መሆን አለበት።

አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል ሲባል የተለካው ምንድን ነው?

የተለካው በኋላ የወጡ ሌሎች ጽሑፎች በዋቢ ዝርዝራቸው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስገቡት ብቻ ነው። ይህን በስፋት መቁጠር የተቻለው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሐሳቡን ካቀረቡና በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ መታተም ከጀመረ ወዲህ ነው። ማውጫው መጀመሪያ የታሰበው ሰዎችን በደረጃ ለመደርደር አልነበረም፤ አንድ ተመራማሪ አንድን ሐሳብ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተከታተለ የት እንደደረሰ፣ ማን እንደተቀበለውና ማን እንደነቀፈው እንዲያውቅ ለመርዳት ነበር። ዛሬም ቢሆን ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ይመስለኛል።

ጸሐፊዎች አንድን ሥራ የሚጠቅሱበት ምክንያት ብዙ ነው። በቅርብ ለማየት የሚመች ምሳሌ ዊልያም ስኮቪልና ብሬንዳ ሚልነር በ1957 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ከተገለጹት ታካሚዎች አንዱ፣ ለረጅም ዘመን ኤች ኤም በሚል ምኅጻር ብቻ የታወቀው ሰው፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና በሁለቱም የአንጎል ጎኖች ያለው የሂፖካምፐስ (ለትዝታ የሚያስፈልግ የአንጎል አካል) ክፍል ተወገደለት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የገጠመውን ነገር በትዝታው መያዝ ተሳነው። ይህ ጽሑፍ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል። ትዝታ በአንጎል ውስጥ ልዩ ልዩ ሥርዓቶች እንዳሉት የሚያስረዳው ተመራማሪ መነሻ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ ስለ ቀዶ ሕክምና ሥነ ምግባር የሚጽፈው እንደ ማስጠንቀቂያ ያነሣዋል፤ በ1997 የወጣው የኤምአርአይ ጥናት ደግሞ የጠቀሰው የተወገደው ክፍል ቀዶ ሐኪሙ ከገመቱት ያነሰ መሆኑን ለማሳየት ነው። ቆጣሪው ሦስቱንም ሳይለይ አንድ አንድ አድርጎ ይመዘግባል። ማን ለምን እንደጠቀሰው ሳያጣሩ ድምሩን ብቻ መያዝ፣ ድጋፍንና እርማትን በአንድ ከረጢት መክተት ነው።

ኤች ኢንዴክስ እንዴት ይሰላል?

ይህን መለኪያ በ2005 ያቀረቡት የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ከዚያም የተራ ቁጥሩና የጥቅሱ ብዛት እስከሚገናኙበት ድረስ ወደ ታች ይወረዳል። ስምንት ጽሑፎች ያሏትን አንዲት ተመራማሪ እናስብ፤ ጽሑፎቿ 310፣ 96፣ 41፣ 22፣ 9፣ 6፣ 3 እና 0 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ስድስተኛው ጽሑፍ 6 ጊዜ ስለተጠቀሰ መስፈርቱን ያሟላል፤ ሰባተኛው ግን 7 ጊዜ መጠቀስ ሲገባው 3 ጊዜ ብቻ ስለተጠቀሰ አያሟላም። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሷ 6 ነው። አሁን ደግሞ ስምንት ጽሑፎች ያሉትና እያንዳንዱ 8 ጊዜ የተጠቀሰለትን ሌላ ተመራማሪ እናስብ። የእሱ ኤች ኢንዴክስ 8 ይሆናል። በጠቅላላ ድምር ግን እሷ 487 ጊዜ፣ እሱ 64 ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀሱት።

ከሁለቱ ማን ይበልጣል? መለኪያው እሱን ያስቀድማል፤ ጠቅላላ ድምሩ እሷን። የ310 ጥቅሱ ጽሑፍ ነገ 31,000 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ የእሷ ኤች ኢንዴክስ ከ6 ንቅንቅ አይልም። ይህን ጉድለት ለማቃለል ሌኦ ኤግሄ በ2006 ጂ ኢንዴክስ የተባለ፣ እጅግ ለተጠቀሱ ሥራዎች የበለጠ ክብደት የሚሰጥ መለኪያ አቅርበዋል፤ ጉግል ስኮላር የተባለው የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያ ደግሞ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎችን ብዛት አይ10 ኢንዴክስ እያለ ያሳያል። ኤች ኢንዴክስ ሌላም ጠባይ አለው፦ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ተመራማሪው ምርምር ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊያድግ ይችላል፤ በመሆኑም ከዕድሜ ጋር ያለውን ቁርኝት ከችሎታ ጋር ካለው ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው።

ጉግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ለአንድ ሰው የተለያየ ቁጥር የሚሰጡት ለምንድን ነው?

የሚቆጥሩት የጽሑፍ ክምችት የተለያየ ስለሆነ ነው። በ2004 የተጀመረው ጉግል ስኮላር ከጆርናሎች ሌላ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ ቅድመ ኅትመቶችንና መጻሕፍትን ጭምር ስለሚያካትት አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛውን ቁጥር ይሰጣል። በዚያው ዓመት የተጀመረው ስኮፐስና የጋርፊልድ ማውጫ ወራሽ የሆነው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ግን መርጠው ያስገቧቸውን የኅትመት ምንጮች ብቻ ይቆጥራሉ። ሦስቱም በየራሳቸው ስሌት ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሕተት የሚሆነው የአንዱን ተወዳዳሪ ቁጥር ከጉግል ስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ ወስዶ ማወዳደር ነው። ቁጥር ሲጠቀስ የተገኘበት የመረጃ ቋትና የታየበት ቀን አብሮ መጻፍ አለበት።

በነርቭ ሳይንስ ጥሩ የሚባለው ኤች ኢንዴክስ ስንት ነው?

ይህ ጥያቄ እጅግ ተደጋግሞ ይቀርባል፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር ግን የለም። የነርቭ ሳይንስ አንድ ስም ይኑረው እንጂ በውስጡ አሠራራቸው የማይመሳሰል ብዙ ዘርፎችን ይዟል። ከጥቂት ዝንጀሮዎች አንጎል የነጠላ ሕዋሳትን እንቅስቃሴ የሚቀዳ ቤተ ሙከራ እንስሳቱን አሠልጥኖ፣ ቀድቶና ተንትኖ አንድ ጽሑፍ ለማውጣት ዓመታት ይፈጅበታል። ቀደም ብሎ በተሰበሰበ የሰዎች የአንጎል ምስል ላይ የሚሠራ ቡድን በዚያው ጊዜ ውስጥ በርካታ ጽሑፎችን ሊያወጣ ይችላል፤ ዘርፉም ሰፊ ስለሆነ የሚጠቅሰው ሰው ብዙ ነው። የነፍሳትን የነርቭ ሥርዓት የሚያጠና ሰው በአንጻሩ አንባቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያ ግን የሥራውን ጥራት አይነካም።

ይህን ልዩነት ለማስተካከል የተሠሩ መለኪያዎች አሉ። ስኮፐስ የሚጠቀምበት በዘርፍ የተመዘነ የተጠቃሽነት ውጤት አንድን ጽሑፍ በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው ዓመትና በዚያው የጽሑፍ ዓይነት ከወጡ ሌሎች ጋር ያነጻጽራል፤ 1 ማለት የዓለም አማካይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች በ2016 ያስተዋወቁት አንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ ደግሞ የጽሑፉን ዘርፍ የሚለየው አብረውት በሚጠቀሱ ሥራዎች ነው፤ ይህም በሁለት ዘርፎች ድንበር ላይ ለሚሠሩ የአንጎል ተመራማሪዎች የተሻለ ፍትሕ ይሰጣል። የግድ በቁጥር ማወዳደር ካስፈለገ እንዲህ ያሉት ከጥሬ ድምር ይሻላሉ፤ ቢሆንም በቅርብ ዓመታት ለወጡ ጽሑፎች ጥቅሱ ገና ስላልተጠራቀመ ውጤታቸው አስተማማኝ አይደለም።

በታዋቂ ጆርናል ማሳተም ብቻውን ማስረጃ ይሆናል?

አይሆንም። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው ቁጥር የሚነግረን አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ጽሑፎች በተያዘው ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው። አማካዩን ከፍ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ኔቸር የተባለው ጆርናል ራሱ በ2005 በርእሰ አንቀጹ እንደገለጸው የ2004 ኢምፓክት ፋክተሩ 89 በመቶ የተገኘው ከጽሑፎቹ 25 በመቶ ከሚሆኑት ነበር። ስለዚህ በዚያ ጆርናል የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ የተጠቀሰ ይሁን አይሁን ከጆርናሉ ቁጥር መገመት አይቻልም።

በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የሕዋስ ሥነ ሕይወት ሊቃውንት ጉባኤ ላይ የተጠነሰሰውና በ2013 ይፋ የሆነው ዶራ የተባለው መግለጫ በጆርናል ላይ የተመሠረቱ መለኪያዎች ግለሰብን ለመቅጠር፣ ለማሳደግ ወይም ገንዘብ ለመመደብ እንዳይውሉ የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም በአሥር መርሆዎቹ ቁጥር የባለሙያን ዳኝነት ሊደግፍ እንጂ ሊተካ እንደማይገባ አስቀምጧል። ብዙ ተቋማት ዶራን ፈርመዋል፤ ከፈረሙት መካከል ግን የቅጥር ውይይታቸውን አሁንም በጆርናል ስም የሚጀምሩ ስላሉ፣ በኮሚቴ የሚቀመጥ ሰው ይህን ልማድ በግልጽ ቢቃወም ለወጣት ተመራማሪዎች ትልቅ ውለታ ይሠራል።

በጸሐፍት ዝርዝር ውስጥ ያለው ቦታ ምን ይነግረናል?

በሙከራ ላይ በተመሠረተ የነርቭ ሳይንስ ልማድ የመጀመሪያው ጸሐፊ አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ቤተ ሙከራውን የሚመራውና ምርምሩን የነደፈው ሰው ነው። በመካከል ያሉት ትንታኔ ያገዙ፣ መሣሪያ ያበደሩ ወይም ታካሚዎችን የመለመሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሰዎች እኩል አስተዋጽኦ ማድረጋቸው በምልክት ሲገለጽ ምልክቱን ማየት ግዴታ ነው፤ ሁለተኛ የተጻፈችው ተመራማሪ በጥቅስ አጻጻፍ ላይ ስሟ ቢደበቅም የመጀመሪያዋን ያህል ሠርታለችና። በርካታ ጆርናሎች አሁን ክሬዲት በተባለው 14 የሥራ ድርሻዎችን በሚዘረዝር ሥርዓት ማን ምን እንደሠራ ያሳትማሉ፤ ይህችን አጭር አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ከስም ቅደም ተከተል የበለጠ ይነግራል።

የመዝገቡ ቅርጽ በጊዜ ውስጥ ሲታይ ብዙ ያሳያል። አንድ ተመራማሪ ለዓመታት የመጀመሪያ ጸሐፊ ሆኖ ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ መጨረሻው ቦታ ከተሸጋገረ የራሱን ቡድን አቋቁሟል ማለት ነው። አብዛኞቹ ታዋቂ ሥራዎቹ ከቀድሞ አማካሪው ጋር የወጡ ከሆኑ፣ አማካሪው የሌሉባቸውን ለይቶ ማንበብ ይገባል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፍት ባሉባቸው የኅብረት ጥናቶች ላይ ስሙ ስለተካተተ ብቻ በአሥር ሺዎች የተጠቀሰ ሰው ሲገጥመን ደግሞ፣ ድምሩን ትተን የግል ድርሻውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የምርመራ ዘዴና መሣሪያ የሠሩ ሰዎች ከሌሎች በላይ የሚጠቀሱት ለምንድን ነው?

አንድ ዘዴ የተጠቀመበት ሁሉ ስለሚጠቅሰው ነው። ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው በ1975 ያሳተሙት አጭር የአእምሮ ሁኔታ መመዘኛ በመርሳት በሽታ ምርምር ውስጥ በየጊዜው ይጠቀሳል፤ በ1971 የወጣው የኦልድፊልድ የግራኝነትና የቀኝነት መጠይቅም እንዲሁ፣ ምክንያቱም የአንጎል ምስል የሚያነሣ ተመራማሪ ሁሉ ተሳታፊዎቹ በየትኛው እጃቸው እንደሚጽፉ መግለጽ አለበት። የአንጎል ምስል መረጃን ለመተንተን የሚያገለግለውን ኤስፒኤም የተባለ ፕሮግራም የጀመሩት ካርል ፍሪስተን በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መሣሪያ ሠሪን ማሳነስ አይገባም፤ አንድ ጥሩ መሣሪያ ብዙ ቤተ ሙከራዎችን ያሻግራል። ይሁንና የመሣሪያ ጽሑፍን ጥቅስ ከግኝት ጽሑፍ ጥቅስ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም አይበጅም። የቅኝት ጽሑፎችም በተመሳሳይ ምክንያት ከኦሪጅናል ሥራ በላይ ሊጠቀሱ ይችላሉ፤ አንባቢው ሃያ ጥናቶችን ከመጥቀስ አንድ ቅኝት መጥቀስ ይቀለዋልና።

ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ትክክል ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህን ለማሳየት ከነርቭ ሳይንስ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። በ2006 ኔቸር ላይ የወጣ፣ አንድ የአሚሎይድ ቤታ ፕሮቲን ስብስብ በአይጦች ላይ የትዝታ ጉድለት እንደሚያስከትል የሚገልጽ ጽሑፍ ለአልዛይመር ምርምር ትልቅ መነሻ ተደርጎ ከ2,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በ2022 ሳይንስ የተባለው መጽሔት በምስሎቹ ላይ የተነሡ ጥርጣሬዎችን ይፋ አደረገ፤ ጽሑፉም በ2024 ከኅትመት ተሰረዘ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተጠራቀመው ጥቅስ ስለ ምስሎቹ ትክክለኛነት ምንም አልነገረንም። የሚያሳዝነው የጋርፊልድ የ1955 ጽሑፍ ራሱ የጥቅስ ማውጫ አንዱ ጥቅም የተጭበረበረ ወይም ጊዜው ያለፈበት ውጤት ሳይመረመር እንዳይጠቀስ መርዳት እንደሆነ መግለጹ ነው።

ማጭበርበር በሌለበትም ችግሩ አለ። በ2013 የወጣ አንድ ትንታኔ በነርቭ ሳይንስ የተመረመሩት ጥናቶች የስታቲስቲክስ ኃይል መካከለኛ ዋጋው 21 በመቶ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፤ ማለትም እውነተኛ ውጤት ቢኖር እንኳ ብዙዎቹ ጥናቶች የማግኘት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነበር፤ አገኘን ሲሉም መጠኑን አጋንነው የማቅረብ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በ2016 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ በሰፊው በሚሠራባቸው የአንጎል ምስል መተንተኛ ፕሮግራሞች 5 በመቶ መሆን የሚገባው የሐሰት ግኝት መጠን በአንዳንድ የትንታኔ ምርጫዎች እስከ 70 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል አመለከተ። በመሆኑም የአንድን ተመራማሪ ሥራ ሲመዝኑ የናሙናውን መጠን፣ ውጤቱ በሌላ ቤተ ሙከራ መደገሙን፣ ጥሬ መረጃው ለሌሎች ክፍት መሆኑን መጠየቅ ከጥቅስ ቁጥር ይቀድማል።

ጥቂት የተጠቀሰ ሥራ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

የዘርፉ ታሪክ ራሱ እንዲህ እንዳንል ያስተምረናል። ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የተዋሐዱ መረብ ሳይሆኑ ለየብቻቸው የቆሙ መሆናቸውን ያሳዩባቸውን የመጀመሪያ ሥራዎች በ1888 ያሳተሙት ራሳቸው ባቋቋሙት የስፓንኛ መጽሔት ላይ ነበር። ስፓንኛ የሚያነብ የውጭ አናቶሚ ሊቅ እምብዛም ስላልነበረ ሥራቸው ሰሚ አጣ። በ1889 ማይክሮስኮፓቸውንና ናሙናዎቻቸውን ይዘው በርሊን ወደ ተካሄደው የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ጉባኤ ሄዱ፤ በዚያ ዘመን እጅግ የተከበሩት ሊቅ አልበርት ፎን ኮሊከር ናሙናዎቹን በዓይናቸው አይተው አመኑ። ካሃል በ1906 ከካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1889 ሥራው እንዲታወቅ ያደረገው ተመልካች ማግኘቱ ነው። ዛሬም በእንግሊዝኛ የማይጽፍ ወይም ስሙ ከታወቀ ተቋም ጋር ያልተያያዘ ተመራማሪ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ይህን ማስታወስ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜም ሌላው ጉዳይ ነው። ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ እንስሳው ያለበትን ቦታ የሚያመለክቱ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት መኖራቸውን በአጭር ጽሑፍ የገለጹት በ1971 ነው፤ ኦኪፍ የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በ2014 ነው። በሌላ በኩል አንድ ግኝት የዘርፉ የጋራ ዕውቀት ሲሆን መጠቀሱ ይቀንሳል። ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 የነርቭ ምልክት እንዴት እንደሚፈጠር የገለጹባቸውን ቀመሮች በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀምባቸው ሁሉ መነሻ ጽሑፉን አይጠቅስም።

ራስን መጥቀስ ነውር ነው?

በመጠኑ ሲሆን አይደለም። አንድን የአንጎል ክፍል ለሃያ ዓመት ያጠና ቤተ ሙከራ አዲሱን ሥራውን ሲያቀርብ የቀድሞዎቹን ሳይጠቅስ አንባቢው ሊከተለው አይችልም። የሚያሳስበው ጥቅሶቹ በአብዛኛው ከራሱና ከቅርብ ተባባሪዎቹ ብቻ የሚመጡ ከሆነ፣ ወይም ገምጋሚ ሆኖ ሌሎች ጽሑፎቹን እንዲጠቅሱ የሚያስገድድ ከሆነ ነው። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ራስን መጥቀስን ቀንሰው ስለሚያሳዩ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

የጥቅስ ልማድ ለሁሉም እኩል ነው?

አይደለም። በ2020 ኔቸር ኒውሮሳይንስ ላይ የወጣ ጥናት ከ1995 እስከ 2018 በአምስት ታላላቅ የነርቭ ሳይንስ ጆርናሎች የታተሙ ጽሑፎችን መርምሮ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጸሐፊያቸው ወንዶች የሆኑ ጽሑፎች ከሚጠበቀው በላይ፣ ሴቶች የመሯቸው ደግሞ ከሚጠበቀው በታች እንደሚጠቀሱ አሳይቷል፤ ልዩነቱን በዋናነት የሚፈጥሩት የወንዶቹ የዋቢ ዝርዝሮች ናቸው። ይህ ማለት ጥሬው ቁጥር ሲወዳደር አንዲት ተመራማሪ ሌሎች በሠሩት አድልዎ ትቀጣለች። ማስተካከያው አስቸጋሪ አይደለም፤ የምንጽፍ ሰዎች ዋቢ ዝርዝራችንን ከማስረከባችን በፊት ማንን እንደዘለልን ብንመረምር ይጀምራል። በወሊድ፣ በሕመም ወይም ቤተሰብ በማስታመም የተቋረጡ ዓመታትም ሲመዘኑ ከንቁ የምርምር ዘመን መቀነስ አለባቸው።

«ከዓለም 2 በመቶ ምርጥ ሳይንቲስቶች አንዱ» የሚለውን እንዴት እንረዳው?

መነሻው በጆን ዮአኒዲስ መሪነት ተዘጋጅቶ በ2019 ይፋ የሆነና በየጊዜው የሚታደስ፣ በስኮፐስ መረጃ ላይ የቆመ ዝርዝር ነው። ጠቅላላ ጥቅስን፣ ኤች ኢንዴክስንና በጸሐፍት ዝርዝር ውስጥ ያለን ቦታ የሚመዝኑ ስድስት መለኪያዎችን ያዋህዳል። ከጥሬ ኤች ኢንዴክስ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሙሉ ዘመን ሥራን የሚለካና የአንድ ዓመት ጥቅስን ብቻ የሚለካ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ስላሉት፣ ማዕረጉን የጻፈው ሰው በየትኛው እንደተካተተ መግለጽ ይገባዋል። የዌብ ኦፍ ሳይንስ ባለቤት የሆነው ክላሪቬት በየዓመቱ የሚያወጣው እጅግ ተጠቃሽ ተመራማሪዎች ዝርዝር ደግሞ በየዘርፉና በየዓመቱ ከፍተኛውን 1 በመቶ በያዙ ጽሑፎች ላይ የሚመሠረት ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱ አይምታቱ።

ሞክሼ ስም ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

ከ2012 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ ያለው መለያ ይሰጣል፤ በመጀመሪያ እሱን ይፈልጉ። ከሌለ የተቋሙን፣ የተባባሪ ጸሐፍትንና የርእሰ ጉዳዩን ተከታታይነት ማመሳከር ያስፈልጋል። በጉግል ስኮላር የሚታየው ግለ ገጽ በማሽን የተሰበሰበና በባለቤቱ የሚስተካከል ስለሆነ፣ ስለ አንጎል በሚያጠና ሰው ገጽ ላይ ስለ ብረታ ብረት የተጻፈ ሥራ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። ባለቤቱ ይህን ቶሎ ማስወገድ ይኖርበታል።

ጊዜዬ ጥቂት ነው፤ አንድን መዝገብ በተገቢው መንገድ ለመመዘን ከምን ልጀምር?

ተመራማሪው ራሱ የሚኮራባቸውን ከሦስት እስከ አምስት ሥራዎች እንዲመርጥና እያንዳንዱ ምን እንደለወጠ በጥቂት ዐረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ይጠይቁ። ከዚያ ቢያንስ ሁለቱን ከመግቢያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፤ የዘዴውን ክፍል አይዝለሉ። ቀጥሎም እነዚህን ሥራዎች ከጠቀሱ ጽሑፎች መካከል ከሌላ ቤተ ሙከራ የመጡ አሥር ያህሉን ከፍተው ሥራው የተነሣበትን ዐረፍተ ነገር ይመልከቱ፤ በውጤቱ ላይ የቆመ አለ? ሊደግመው ሞክሮ ያልተሳካለትስ? በመግቢያው ብቻ ስም የጠራስ? የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው የሥራ ዕድል የሚወሰንበት ከሆነ ደግሞ ብዙ አይደለም። መረጃና ፕሮግራም በነጻ የለቀቀ ከሆነ እነማን እንደተጠቀሙበት ይጠይቁ፤ ይህ በጥቅስ ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከ2013 ጀምሮ ባዮአርካይቭ በተባለው የሥነ ሕይወት ቅድመ ኅትመት ድረ ገጽ ላይ የሚወጡ ቅድመ ኅትመቶችም ቢሆኑ ሊነበቡ ይገባል፤ አልተገመገሙም ማለት አንባቢው በጥንቃቄ ይመርምራቸው ማለት ነው።

በመዝገቡ ውስጥ የተሰረዘ ጽሑፍ ቢኖር ተመራማሪው ታማኝ አይደለም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ጽሑፍ የሚሰረዘው በማጭበርበር ብቻ ሳይሆን በቅን ስሕተትም ነው፤ በትንታኔ ፕሮግራሙ ውስጥ የተደበቀ ስሕተት ያገኘ ተመራማሪ ራሱ ለጆርናሉ አስታውቆ ሥራውን ቢያስወግድ ሊመሰገን ይገባዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው የስረዛ ማስታወቂያውን በማንበብ ነው፦ ስረዛውን የጠየቀው ማን ነው? ጸሐፍቱ በሙሉ ተስማምተዋል? ጥሬ መረጃው ተገኝቷል? ሙከራው እንደገና ተሠርቶ ውጤቱ ምን ሆነ? ከዚያም የተመራማሪው ቀጣይ ጽሑፎች በተሰረዘው ውጤት ላይ የቆሙ መሆናቸውንና ከስረዛው በኋላም ያለ ማስጠንቀቂያ እየጠቀሰው መቀጠሉን በዋቢ ዝርዝሮቹ ውስጥ ማጣራት ይቻላል።